ስድስት ሴንቲሜትር ኩርባ

የሕንጻ ሞዴል መሥራት ሙያዬ ነው። ካዛንቺስ ባለችኝ አንዲት ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ ከካርቶንና ከሙጫ ሰፈር ስገነባ ኖሬያለሁ። ባቡር ግን ነክቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ጥቅምት አንድ ሪል እስቴት ላንቻ ላይ ያሰበውን መንደር በጠረጴዛ ላይ እንድሠራለት አዘዘኝ። በፕላኑ ላይ መንደሩን የሚዞር የባቡር መስመር ስላለ፣ በሞዴሉም ላይ የምትዞር ትንሽ ባቡር ካልገባችበት ሞተን እንገኛለን አሉ። ባለሀብት መጫወቻ ሲያምረው ማን ይከለክለዋል?

ከሐዲዱ ውጭ ያሉት የሰፈሩ ቤቶች እንዳሉ ይቀራሉ ተብሏል። አንዱ የታላቅ እህቴ የእትዬ ጀማነሽ ነው፤ ባሏን ያስታመመችበት፣ ልጆቿን የዳረችበት ቤት። እሱን ከሌሎቹ ይልቅ ተጠብቤ ሠራሁት።

ባቡሯ ዞራ በምትመለስበት ኩርባ ላይ ጣጣ መጣ። ሐዲዱን በፕላኑ ልክ ሳጥፈው እየዘለለች ትወድቃለች። ፍጥነቷን ቀነስኩ፣ ሐዲዱን ፈትቼ ደግሜ ገጠምኩ፤ እምቢ አለች። ማሸጊያዋን ባነበው ለካ እንዲህ በጠበበ ኩርባ አትዞርም። ስድስት ሴንቲሜትር መስፋት ነበረበት። ወደ ግራ ብገፋው ዘጠኝ ቤት ይነሳል፣ ወደ ቀኝ ደግሞ አምስት። አምስቱን በምላጭ ላጥኳቸው። የእህቴም እዚያው ውስጥ ነበረ።

ማታ ደወልኩላትና ቤትሽን ዛሬ አፈረስኩት ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

«አታሟርት» አለችኝና ዘጋችው።

ተናደድኩባት። ካርቶን እኮ ነው። ባቡሯ ግን ከዚያ ወዲህ ሳትወድቅ ዞረች፤ ባለአክሲዮኖቹም አይተው አጨበጨቡ። በማግስቱ የድርጅቱ ልጆች መጡና ሞዴሉን በማስመሪያ ሲለኩ ዋሉ። ለምን እንደሚለኩ አልጠየቅኳቸውም። መጠየቅ ነበረብኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በወሩ እትዬ ጀማነሽ ደወለች። በሯ ላይ የሚፈርስ ቤት ቀይ ምልክት ቀብተው ሄደዋል፤ የጎረቤቶቿም ላይ እንዲሁ። ስቆጥራቸው አምስት ናቸው። ድምጿ ረጋ ያለ ነበር። አንተ የፕላን ሰዎችን ታውቃለህ፣ እስቲ ማን እንዳሰመረው ጠይቅልኝ አለችኝ። እሺ ብቻ አልኳት።

ኡራኤል ወዳለው ቢሯቸው በረርኩ። ኢንጂነሯ ፍዮሪ ትባላለች፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ኩርባው የሰፋው ለመጫወቻዋ ብቻ መሆኑን፣ እውነተኛ ባቡር በድሮው መስመር መዞር እንደሚችል አስረዳኋት። ታውቀዋለች። ግን ባለአክሲዮኖቹ ያጸደቁት ሞዴሉን ነው፤ ኩርባው ሲሰፋ በውስጥ በኩል የተገኘው መሬት ላይም ሱቆች ታቅደው አልቀዋል። ወደ ውስጥ የሚመለስ ነገር የለም። የእህቴን ቤት ነገርኳት። አንገቷን ደፋች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። ከዚያ ፕላኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ጋሽ አምኃ፣ በዚህ ካልሆነ በግራ ነው፣ በቃ። ዘጠኝ ቤት አለ። ሞዴሉን የሠሩት እርስዎ ነዎት፤ መስመሩን እርስዎ ካሰመሩልኝ፣ ሪቫይዝድ ብዬ ዛሬውኑ አስገባዋለሁ።»

እርሳስ ዘረጋችልኝ።

«የእነማን ቤት ነው?» አልኳት።

«ማለቴ… እሱን እኛ አናውቅም።»

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አለማወቋ ደስ አለኝ። እርሳሱን ተቀበልኳት።