አበባውን ለመብለጥ የተከፈለ ግብር

አበባው መድረክ ላይ ወጥቶ «እኔ ለሦስት ዓመት ግብር አሳንሼ ከፍያለሁ» ሲል፣ አወቀ ከአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ ሆኖ ደስ አለው። ምን ይደረግ፣ ደስ አለው። «እሰይ! ይኸው ጉድህ ፈላ» አለ በሆዱ፣ አጠገቡ የተቀመጠችውን ሚስቱን የብርጓልን በክርኑ ጎሸም እያደረገ። የደብረ ማርቆስ ነጋዴ ለግብር ከፋዮች ቀን ተሰብስቦ፣ ሹማምንቱ ከፊት ተደርድረው፣ አበባው በገዛ አፉ ራሱን ሲያዋርድ ማየት ለአወቀ ከሠርግ ይበልጥ ነበር።

ደስታው ግን ሁለት ደቂቃ አልቆየም። አበባው ቀጠለ። አምና መዝገቡን ሲያገላብጥ ኅሊናው እንደወቀሰው፣ ማንም ሳይጠራው ሄዶ ያጎደለውን እንዳሳወቀ፣ ሰማንያ ስድስት ሺህ ብር ከፍሎ ዕዳውን እንደዘጋ ተናገረ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የምስክር ወረቀት ሰጡት፤ ሹማምንቱ ተነሥተው እየተሻሙ ጨበጡት። አወቀ ዘወር ብሎ ሚስቱን ቢያይ፣ የብርጓል መዳፏ እስኪቀላ ድረስ ታጨበጭባለች፤ ዓይኗም እንባ አቅርሯል።

«ሰው ማለት እንዲህ ነው» አለች።

በቃ፣ አወቀን የገደለችው ይቺ ቃል ናት።

አወቀና አበባው መንገድ ብቻ የሚለያቸው የሕንፃ ዕቃ ነጋዴዎች ናቸው። ሁለቱም ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ሲሚንቶና ቀለም ይሸጣሉ። አንዱ ጋ ያለቀውን ከሌላው እየተዋሱ፣ የመጋዘን ቁልፍ ሳይቀር ተለዋውጠው ሃያ ዓመት ኖረዋል። ላዩን ላየው ወንድማማች ይመስላሉ። ከሥሩ ግን አንድ ነገር አለ። የብርጓልን መጀመሪያ ሽማግሌ የላከባት አበባው ነበር። አባቷ እሺ ሊሉ ሲሉ እሷ ናት «እኔ የምፈልገው አወቀን ነው» ብላ ቤቱን ቀውጢ ያደረገችው። ሌላ ወንድ ቢሆን ይህን እያስታወሰ ደረቱን ነፍቶ ይኖር ነበር። አወቀ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ተጸጽታ ይሆን?» ሲል ነው የኖረው። ዝም ካለች አበባውን አስባ ነው። ከሣቀች አበባው የነገራት ትዝ ብሏት ነው። አበባው ፎቅ ቤት ያስጀመረ ሰሞንማ አወቀ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀምስ ብሎ፣ ሰዉ ታመመ ብሎ ሊጠይቀው መጥቷል። ቅናት የያዘው ሰው ሐኪም የለውም እኮ!

ከአዳራሹ ወጥተው ቤት እስኪደርሱ ታገሠ። ገና ደጁን ሲረግጡ ግን ፈነዳ።

«የሚጨበጨብለት ምን ስለሆነ ነው? ሌባ ነኝ ነው እኮ ያለው!»

«ሁላችሁም ሌቦች ናችሁ» አለች የብርጓል ነጠላዋን እያጠፈች። «የገቢዎች ሰዎች ዕቃ ሊያዩ መጡ በተባለ ቁጥር፣ አንተ ቆርቆሮህን እሱ መጋዘን፣ እሱ ሲሚንቶውን አንተ ጓሮ ስታሸሹ ያላየሁ መሰለህ? ልዩነቱ እሱ ተናገረ፣ አንተ ዝም አልክ። በራሱ ላይ የመሰከረ ሰው ይከበራል። እኔ በበኩሌ አከብረዋለሁ።»

«እኔንስ?» ሊላት ፈለገና ተወው። ባሏ ሆኖ፣ ሁለት ልጅ ወልዶላት፣ ታከብሪኛለሽ ወይ ብሎ ይጠይቅ? ቢጠይቅስ፣ መልሷ ሌላ ቢሆንስ? ከዚያ ቀን ጀምሮ የአወቀ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ ያንን «ሰው ማለት እንዲህ ነው» የሚለውን ቃል ከሚስቱ አፍ ለራሱ መስማት።

ነሐሴ ገባ፣ ግብር የማሳወቂያው ጊዜ ደረሰ። አወቀ የዘንድሮውንና ያለፉትን ሦስት ዓመታት ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልሎ የሂሳብ ሥራውን ወደምትሠራለት ወደ ወንጌላዊት ቢሮ ሄደ። ወንጌላዊት ልጅ እግር ናት፣ ግን በሥራዋ ቀልድ የለም።

«የዘንድሮውን ብቻ አይደለም» አላት ገና ሳይቀመጥ። «ያለፉትንም ያጎደልኩትን ማሳወቅ እፈልጋለሁ።»

«ደግ አደረጉ፣ ጋሼ አወቀ» አለች በደስታ። «በራሱ ፈቃድ የመጣ ቅጣቱም ይቀልለታል። እስቲ የተሸሸገውን ይንገሩኝ።»

ነገራት። እውነቱ ይህ ነው። በ2014 ዓ.ም ሁለት መቶ ቆርቆሮ ከመዝገብ ውጭ ሸጧል። 2015 ሥራ ቀዘቀዘ፣ የረባ የተደበቀ ነገር የለም። 2016ማ ተዉት! መንገዱ ተዘግቶ፣ መኪናው ሁሉ ደጀን ላይ ቆሞ፣ አወቀ ባዶ መጋዘን ሲጠብቅ የከረመበት ዓመት ነው። ከዋናው ገንዘብ እየቀነሰ ነው ልጆቹን ያበላው።

ወንጌላዊት ደማምራ ቀና አለች። «አሥራ ዘጠኝ ሺህ ብር ይሆናል።»

«ስንት?»

«አሥራ ዘጠኝ ሺህ። ብዙም አይደለም፣ እንኳን ደስ ያለዎት።»

የአወቀ ፊት አመድ መሰለ። አሥራ ዘጠኝ ሺህ! አበባው ሰማንያ ስድስት፣ እሱ አሥራ ዘጠኝ! ይህንን ይዞ ሄዶ ለየብርጓል «እኔም እንደ አበባው» ሊላት? የአበባው ሱቅ ከሱ ሱቅ አራት እጥፍ ይበልጣል ብሎ በማኅተም አስደግፎ ሊነግራት?

«ተሳስተሻል» አላት። «የእኔ ሽያጭ ከአበባው ሽያጭ ያንሳል እንዴ?»

«ጋሼ፣ እኔ የደመርኩት እርስዎ የነገሩኝን ነው።»

«ረስቼ ነው። በ2015ም ነበር። በ2016ም ነበር። ብዙ ነበር!»

«2016? መንገድ የተዘጋ ጊዜ?»

«ለሌላው ተዘጋ እንጂ እኔ ዕቃ የማስገባበት አላጣም!» አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። አወቀ አንዴ ከጀመረ ወዲህ ማንም አላቆመውም። ያልሸጠውን ቆርቆሮ ሸጠ፣ ያላየውን ሲሚንቶ አራገፈ። ወንጌላዊት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ አወቀ፣ ሰው ቀንሺልኝ ብሎ ነው የሚለምነኝ። ጨምሪብኝ ያለኝ የለም። ያልሸጡትን ሸጥኩ ቢሉ እሱም ውሸት እኮ ነው።»

«ከፋዩ እኔ! በዚህ የሚጎዳው ማነው? ጻፊ ብያለሁ።»

«የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት፤ በኋላ በእኔ እንዳያመካኙ» አለችና ጻፈች። ድምሩ ዘጠና ሁለት ሺህ ሲሞላ አወቀ «በቃ፣ እዚያ ላይ ቁሚ» አላት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ አይደል! የደረሰውን ዕቁብ አውጥቶ፣ ለክረምት ብሎ ያስቀመጠውን ጨምሮ ከፈለ። ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ተቀብሎ ሲወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። በአበባው ሱቅ ፊት ሲያልፍ «እንዴት ዋልክ፣ አበባው!» ብሎ እንደ ሹም ከላይ ሰላምታ ሰጠው። አበባው ገርሞት ቆሞ አየው።

የብርጓል ሳሎን ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እናቷ እማሆይ አመተ ማርያም ውስጠኛው ክፍል ዳዊት በቃላቸው ይደግማሉ። አወቀ ወረቀቱን ከምስሩ አጠገብ አስቀመጠና እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ።

«ምንድነው?»

«አንብቢው።»

መነጽሯን አደረገች። አነበበች። ከዚያ ቀና ብላ ስታየው፣ ወንድሞቼ፣ አወቀ የተመኘውን አገኘ! ያቺ የአዳራሹ ዓይን፣ ያ እንባ ያቀረረ ዓይን፣ እሱ ላይ አረፈ።

«ማንም ሳይጠይቅህ?» አለች።

«ማንም።»

«አዌ...» አለች። እንዲህ ብላ ከጠራችው ስንት ዘመን ሆኗት! «እኔ እኮ ስንት ነገር ተናግሬሃለሁ። ኮራሁብህ።»

አወቀ በዚህ ቢበቃው፣ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ቢያነሣው ምን ነበረበት? አላነሣውም። «እስከ ታች አንብቢው እንጂ፣ ድምሩ ታች ነው» አላት። አበባውን መብለጡን እንድታይለት ነዋ! የብርጓል ጣቷን እያስኬደች ወረደች። መሐል ላይ ጣቷ ቆመ።

«ይኼ የ2016 ነው?»

«አዎ።»

«በዚያ ዓመት መቶ ሠላሳ ሺህ ብር አተረፍክ?»

አሁንም እውነቱን ለመናገር ጊዜ ነበረው። ግን «ኮራሁብህ» የምትለዋ ቃል ገና አፉ ውስጥ እየጣፈጠችው ነው። «ባልሽ ሥራ ያውቃል እኮ!» አላት።

የብርጓል መነጽሯን አወለቀች። ከውስጠኛው ክፍል የእናቷ ድምፅ ይሰማል።

«በ2016 ጥር ላይ እናቴን ከአገሯ ከይጁቤ አመጣኋት» አለች በዝግታ። «ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ባሕር ዳር ሄዳ ቶሎ ካልታከመች ብርሃኗ ይጠፋል አለን። አንተ ምን አልከኝ?»

አወቀ አሁን ገባው።

«የለኝም አልክ። አልቅሰህ ነው የለኝም ያልከኝ። ማርቆስን ብለህ ምለህልኛል።»

«እውነቴን ነው! አልነበረኝም!»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀቱ...»

«ስማኝ» አለች። ድምፅዋን አልጨመረችም፣ ያ ነው የባሰው። «አበባው ያኔ እዚህ መጥቶ ነበር፣ አንተ ሳትኖር። ‹ገንዘቡን ልስጥሽ፣ ሲሞላላችሁ ትመልሳላችሁ› አለኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩት ታውቃለህ? ‹ባሌ ቢኖረው እናቴን አያሳውርም። ካጣም አብረን እናጣለን እንጂ እሱን በሰው ፊት አላዋርደውም› አልኩት። ላንተ ክብር ብዬ። እናቴ እኔ አንተን በማመኔ ነው የታወረችው።»

አወቀ መሬት ብትውጠው በወደደ። አበባው የዘረጋላትን እጅ እሷ ለባሏ ስትል ገፍታዋለች። ያ ሁሉ ዓመት ሲጠረጥራት እሷ አምናው ኖራለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ክብር ሊገዛ ሄዶ እጁ ላይ የነበረውን ሸጦት መጣ።

«የብርጓል፣ ወረቀቱ ውሸት ነው! ያልሸጥኩትን ነው ያስጻፍኩት!»

«ላልሸጥከው ዕቃ ግብር ከፈልክ? ዘጠና ሁለት ሺህ ብር? ይህን የሚያደርግ ሞኝ የት አለ?»

«እኔ ነኛ!» ብሎ ጮኸ። «አበባውን ልብለጥ ብዬ! ለሱ ስታጨበጭቢ አንጀቴ አሮ!»

የብርጓል አየችው። ማዘን ወይም መናደድ ቢኖርበት ይሻል ነበር፤ ዓይኗ ላይ ያለው ግን የማያውቁትን ሰው ሲያዩ የሚታይ ዓይነት ነው።

«ያኔም ማልክ፣ አሁንም ትምላለህ» አለች። «ወይ ያኔ ዋሽተኸኛል ወይ አሁን ትዋሸኛለህ። እኔ መለየት አልችልም። ነገ እናቴን ይዤ ይጁቤ እሄዳለሁ።» ምስሩን ሰብስባ ተነሣች።

አወቀ ግቢው ውስጥ ቆመ። በዚያ ዓመት መጋዘኑ ባዶ እንደነበር በዓይኑ ያየ ሰው ቢኖር፣ ሚስቱም የምታምነው ሰው ቢሆን... ሰውየው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። ከሁሉ ሰው፣ አምላኬ፣ እሱ ይሁን? ጥርሱን ነክሶ ወጣ።

አበባው ለአንድ ገበሬ ምስማር ይመዝን ነበር። አወቀ ገበሬው እስኪሄድ አልጠበቀም።

«ና፣ ለሚስቴ መስክርልኝ» አለው። «በ2016 ድሃ እንደነበርኩ ንገርልኝ።»

«ምን ሆነሃል?»

ሁሉንም ነገረው፤ ዘጠና ሁለቱን ሺህ፣ ወረቀቱን፣ ቅናቱን ሳይቀር። አበባው ይሥቅ ይሆናል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ ቢሥቅበትም በወደደ። አበባው አልሣቀም። ኮቱን አነሣና ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ተከተለው።

ደጃፉ ላይ ሲደርሱ አወቀ ወደ ኋላ ቀረ። አበባው ብቻውን ገባ።

«የብርጓል» ሲል ተሰማ፣ «የዚያ ዓመት የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። አንድ ቆርቆሮ አልነበረበትም። ባልሽ ያኔ እውነቱን ነው የነገረሽ።»

የብርጓል ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደችም።

«አንተ ካልክስ አምናለሁ» አለችው።

አወቀ ውጭ ቆሞ ሰማት።