ሁለቴ የምትጠራው

መተማ ዮሐንስ ውስጥ ካሳ የሚባል ሌላም ሰው ይኖር ይሆናል፤ «ካሳ!» ሲባል ግን እሱም ዞር የሚለው እኔን ለማየት ነው።

ወንድሜ በሕፃንነቱ ሞቶ በእሱ ፈንታ ስለመጣሁ ነው እናቴ ካሳ ያለችኝ። ስሙ ደግሞ ተራ ስም አይደለም፤ ሁለት ንጉሠ ነገሥት ተሸክመውታል። ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ነበሩ፤ አገራቸውም እዚሁ ጎረቤታችን ቋራ ነው፤ ከሰሊጥ ማሳዬ ዳር ቆሜ ባስነጥስ «ይማርህ» የሚለኝ ሰው ከዚያ አይጠፋም። ዮሐንስም ካሳ ነበሩ፤ ከተማችን በስማቸው የምትጠራው እዚሁ ስለወደቁ ነው። «አንዱ ካሳ ከዚህ ተነሡ፣ ሌላው ካሳ እዚህ ወደቁ፣ ሦስተኛው ካሳ እዚህ ሰሊጥ ያጭዳል» እያልኩ ከጉምሩክ እስከ ባጃጅ ተራ ያላደነቆርኩት ሰው የለም።

ልጄ የዓለምወርቅ ወንድ ልጅ ስትገላገልማ ጉራዬን ማን ይቻለው! የበኩር ልጇን ሐቻምና ቀብራለች። ታዲያ ለዚህኛው ከካሳ ሌላ ምን ስም ይገኝለታል? ክርስትናው ሳይደርስ ስሙን አውጥቼ ከተማውን አዳረስኩት። ከሱዳን፣ ከገላባት የሚሻገሩት ነጋዴዎች እንኳ ከሩቅ እየሳቁ «መብሩክ፣ ያ ካሳ!» ብለው እንኳን ደስ ያለህ ይሉኝ ጀመር።

የዓለምወርቅ ግን አልሳቀችም። በክርስትናው ዋዜማ፣ ግቢዬ ካለው የሣር ዳስ፣ ከራኩባው ጥላ ስር ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣ፣

«አባባ፣ ይኸን ስም አልፈልገውም» አለችኝ።

«ምን ጎደለው? ሁለት ነገሥታት የያዙትን ስም!»

«ሁለቱም ሲነግሡ ጣሉት እኮ። ደኅና ስም ቢሆን ማን ይጥለዋል?»

«ዘውድ ሲደፋ ስም ይለወጣል፤ ወግ ነው።»

«ካሳ የሚከፈል ነገር ነው፣ አባባ። ልጄን የሚቀበለው ማነው?»

ፊቴን ወደ ሰሊጡ አዞርኩ። 

ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች። የእኛን ቀትር ለማያውቅ ልንገረው፤ ዶሮዬ የተቀቀለ እንቁላል ስትጥል በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ ሰዓት ከደጅ ሲጠሩህ ቶሎ አትመልስም። ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ለሰው ደግሞ አቤት ይባላል። ሰው ያልሆነው ሁለቴ ጠርቶ ዝም ይላል። ለእሱ አቤት ካሉት ግን ስሙን የጠራውን ሰው ሳይወስድ አይቀርም፤ ዛሬ ባይሆን ሰንብቶ ይመጣል።

«ካሳ!»

ከአጥሩ ማዶ ነው፤ የታጨደው ሰሊጥ ነዶ ነዶ ሆኖ ከቆመበት። የሴት ድምፅ፣ ልጇን ለምሳ የምትጠራ እናት ዓይነት። አፌን ስከፍት የዓለምወርቅ መዳፏን ለጠፈችበት።

«አትመልሱ!»

ፍየሎቼ ማመንዠካቸውን ትተው ወደ አንድ ቦታ ያያሉ። ሕፃኑም። ገና አንገቱ ያልጠና ልጅ፣ ራሱን አዙሮ አጥሩን ያያል።

«ስሙን ካወራችሁት ወዲህ በየቀትሩ ትጠራዋለች» አለች ልጄ፣ በሹክሹክታ። «በኩሬንም እንዲህ በስሙ ጠርታው ነበር። ጎረቤት መስላኝ ‹አቤት፣ ተኝቷል› አልኳት። እኔው ነኝ የመለስኩላት። ሳምንት አልቆየም።»

እኔ፣ ጅብ በጆሮው ጎትቼ ከግንድ ያሰርኩት ሰውዬ፣ ወደ ልጄ ጀርባ ተጠጋሁ።

«ካሳ!»

አሁን ከአጥሩ ወዲህ ነው። ከውኃው በርሜል ጀርባ። ሕፃኑ አፉን ከፈተ።

«አ...» አለ።

በቆምኩበት እምላለሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣው «ቤት» ነበር።

«አቤት!» ብዬ ዘለልኩ። «ካሳ እኔ ነኝ! በዚህ አገር ከእኔ በቀር ካሳ የሚባል የለም! ይኸ ልጅ ገና ስም አልወጣለትም!»

 ከዚያ ከበርሜሉ ጀርባ፣ ቀስ ብላ፣

«እሺ» አለች።

ሄጄ አየሁ። ከርጥብ መሬት በቀር ምንም የለም።

በማግስቱ፣ በክርስትናው፣ ልጁ «ሰጠኝ» ተባለ። ይኸው እንደ ጥጃ እየጠባ ነው፤ ሲያለቅስ ገላባት ድረስ ይሰማል። በቀትር ማንም ጠርቶት አያውቅም።

እኔም እንደ ነገሥታቱ ስሜን ጣልኩ። «የሰጠኝ አያት በሉኝ» ብዬ ከተማውን ለመንኩ። ምን ያደርጋል፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስዋሽ የኖርኩ ሰው ነኝና አዲስ ጉራ መስሏቸው «ካሳ ደግሞ ምን አመጣ!» እያሉ ይስቃሉ። ከሕፃኑ እንድርቅ ብዬ ፍየሎቼን እየነዳሁ ከማሳዬ ማዶ ጫፍ ካለው ዳስ ገባሁ። ጠሪዋም ተከተለችኝ። በየቀትሩ ሁለቴ ትጠራለች። አንዴ አቤት ብያታለሁ፤ ካልደገምኩት ትተወኝ እንደሆነ ብዬ ዝም እላለሁ፤ ዝምታ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማንም አይገምተውም።

ትናንት ሁለቴ ጠርታ ዝም አለች። ተነፈስኩ።

ከዚያ ሦስተኛውን ጠራችኝ።

ምላሴን ነክሼ አለፍኩ። ግን ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ። ሦስቴ የጠራ ሰው ነው፤ ሰው ሲጠራህ ዝም ማለት ደግሞ ነውር ነው። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲህ ነው፤ እሷም ስትጠራኝ ድምፅዋ ቆጣ የሚለው በሦስተኛው ላይ ነበር። የትናንቱም እንደዚያው ቆጣ ብሏል።

ፀሐይዋ አናቴ ላይ ልትደርስ ነው። ፍየሎቹ ማመንዠካቸውን አቁመዋል።