የወፍራሙ መቃኛ

ወፍራሙ ቀጭን ሰው ነው። ቅጽል ስሙን ያገኘው ከገላው ሳይሆን ከሥራው ነው፤ ባንዱ ውስጥ ወፍራም ወፍራሙን ክር የሚመታው፣ ቤዝ ጊታሪስቱ፣ እሱ ነው። ከአንድ የሮክ ባንድ ጋር ከከተማ ከተማ ሲዞር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከኮንሰርት የሚወጣ ሰው «ቤዙ እንዴት ደስ ይላል!» ሲል አንድም ቀን ሰምቶ አያውቅም። ሰው ቤዝ መኖሩን ልብ የሚለው ድንገት ሲቋረጥ ነው። ይህን አውቆ የገባበት ሥራ ስለሆነ ቅሬታ የለውም፤ ቅሬታ እንደሌለውም ለሰው ሁሉ በየቀኑ ይናገራል።

የባንዱ ዘፋኝ ታላቅ እህቱ ናት። እሱ እታለም ይላታል፤ ከእሱ እየሰሙ ጓደኞቹም፣ ሹፌሩም፣ የየአዳራሹ ጥበቃም እታለም ይሏታል። አሳድጋዋለች ማለት ይቻላል። እናታቸው ሥራ ስትውል አፍንጫውን ስትጠርግለት የኖረችው እሷ ናት፤ ኋላም «ወንድሜ ካልገባ እኔም አልዘፍንም» ብላ ባንዱ ውስጥ የከተተችው እሷው ናት። ስለዚህ ወፍራሙ «ሊያባርሩኝ ነው» ብሎ መጠርጠር ሲጀምር አንጀቱን ያቃጠለው መባረሩ ብቻ አልነበረም። እሷም አለችበት ወይ የሚለው ነው።

የዘንድሮው ጉዞ አሥራ አንድ ከተማ ነበር። አጀማመሩ አላማረም። በሁለተኛው ከተማ እታለም ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ድምጿ ተሰነጠቀ፤ የሆቴል ክፍሏ ገብታ በሯን ዘግታ አለቀሰች። በሦስተኛው ከተማ ግን እንደ ልጅነቷ ለቀቀችው። በየጠዋቱ የምትልሰው ማር ነው አለች፤ የትንፋሽ ልምምዱ ነው አለች፤ እናታቸው ዘንድ ደውላ «ድምፄ ተመለሰ!» ብላ ጮኸች። ወፍራሙም ደስ አለው። ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም፤ በዚያው በሦስተኛው ከተማ፣ ገና ኮንሰርቱ ሳይጀመር፣ ያላማረው ነገር አይቶ ነበር።

ያየው ጆሮን ነው። ጆሮ የድምፅ ባለሙያቸው ነው፤ ዝንብ በየትኛው ድምፅ እንደምትበር ይነግርሃል ይባልለታል። ያን ቀን መድረኩ ላይ ከወፍራሙ መቃኛ ፊት በርከክ ብሎ ተገኘ። መቃኛዋ መዳፍ የማትሞላ የብረት ሳጥን ናት፤ ወፍራሙ እግሩ ሥር ያስቀምጣታል። ክሩን ሲመታ ቀይ ካበራች ጊታሩ አልተቃኘም፤ አረንጓዴ ካበራች ተቃኝቷል። ወፍራሙ ከሰው ይልቅ እሷን ያምናል። ቤዙንም ሆነ መቃኛዋን ሌላ ሰው እንዳይነካበት የታወቀ ሕግ አለው፤ ሚስቱ ጥላው ስትሄድ ያን ያህል ያልተከፋ ሰው፣ አንድ ጊዜ ቤዙን አንስተው ቢነካኩበት ሦስት ቀን አኩርፏል።

«ምን ታደርጋለህ እዚህ?» አለው።

«አቧራ እየጠረግኩልህ ነው» አለ ጆሮ፣ ቀና ሳይል።

ጆሮ በሕይወቱ አቧራ ጠርጎ አያውቅም፤ ጫማውን ያየ ይመሰክራል።

ከዚያ ወዲያ ወፍራሙ የሚያየው ሁሉ ነገር ሆነበት። ነዳጅ ሊሞሉ ሲቆሙ ሻይ ገዝቶ ወደ ሚኒባሱ ሲመለስ፣ ጊታሪስቱ ጺሞና ከበሮ መቺው ኋላ ወንበር ላይ ራስ ለራስ ገጥመው ያወራሉ። ሲያዩት ጺሞ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እና ነገ ደመና ነው አልክ?» ይላል። ጺሞ የባንዱ መሪ ነው፤ በጎረምሳነቱ ያሳደገውን ጺም እስከ ዛሬ አልተላጨም፣ ስለ አየር ጠባይም አውርቶ አያውቅም። የሮክ ሙዚቀኞች ስለ ደመና ማውራት ከጀመሩ ነገር አለ ማለት ነው ብሎ ወፍራሙ የሆዱን በሆዱ ያዘ፤ ሻዩም ሳይጠጣው ቀዘቀዘ።

በዘጠነኛው ከተማ ደግሞ በጆሮው ሰማ። ጠዋት ሸሚዙን ሊያሰጣ ወደ ሆቴሉ ጓሮ ሲወጣ፣ ከተሰጡት አንሶላዎች ወዲያ ማዶ የጺሞ ድምፅ መጣ።

«ወፍራሙማ እንዳይሰማ! እሱ ካወቀ አለቀልን። እስከ መጨረሻው ከተማ እንዲሁ እንዝለቀው፤ ከዚያ በኋላ ይነገራል።»

«አሳዘነኝ» አለ ከበሮ መቺው።

«እኔንስ መች አላሳዘነኝ?» አለ ጺሞ።

ወፍራሙ እርጥብ ሸሚዙን ደረቱ ላይ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። አሳዘነኝ! ሰው የሚታዘንለት ሞቶ ነው ወይ ሊባረር ነው፤ እሱ ደግሞ አልሞተም። ሸሚዙን ሳያሰጣ ተመለሰና ለብሶት ወጣ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያስነጥስ ዋለ።

ቁርስ ላይ እታለም ከጺሞ ጋር ትስቃለች። አሳሳቋን አጠናው። ሳቋ የወትሮው ነው ወይስ የተንኮል? ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አርባውን ዓመት ያውቃታል፤ የዛን ቀን ግን ማወቅ አቃተው።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አለችው።

«ምንም አልሆንኩም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው ዳቦ እንደዚህ አይቆርስም። ጠላትህን ነው እንዴ የምትገነጥለው?» ብላ እንቁላሏን ወደ እሱ ሳህን ገፋችለት።

የስንብት እንቁላል ነው ብሎ አሰበ። አልበላውም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮም እህቱን አኮረፋት፤ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ የነበረውን ቦታውን ለቆ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ። ሹፌሩ መንገዱን ሙሉ ስለ ጉልበቱ ሕመም አጫወተው፤ ወፍራሙ ግን አንዱንም አልሰማም።

አሥራ አንደኛው ከተማ ትልቁ ነው፤ አዳራሹም ትልቁ። የኮንሰርቱ ቀን ጠዋት ወፍራሙ ክፍሉን ቆለፈና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እንከን ፈልገው ከሆነ የሚያባርሩኝ፣ እንከን አያገኙም» አለ ለመጋረጃው። ቤዙን በመቃኛዋ ቃኘ፤ አረንጓዴ አበራች። ከዚያ የመጀመሪያ አልበማቸውን በስልኩ ከፍቶ፣ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫውን ሰክቶ አብሮ መምታት ጀመረ።

አልገጠመም።

ደግሞ ሞከረ። ሌላ ዘፈን ከፈተ። ቤዙ ከአልበሙ በታች ነው፤ ብዙ አይደለም፣ ግማሽ ድምፅ፣ በፒያኖ ቢሆን ከአንዱ ቁልፍ ቀጥሎ ወዳለው እንደ መውረድ። ሦስተኛ ዘፈን ከፈተ፤ ያው ነው። በስልኩ መቃኛ ሲያመሳክር ስልኩም አልበሙም ተስማሙ፤ የተጣላችው የእሱ ሳጥን ብቻ ናት። ገልብጦ አያት። ከጎኗ ያለችው፣ የቅኝቱን ልክ የምትወስነው ትንሽ ማዞሪያ ከቦታዋ ተነቃንቃለች። የጆሮ አቧራ ጠረጋ ይህ ነው!

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ወርዶ «ጓዶች፣ ምንድነው ነገሩ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ወፍራሙ ግን አልጋው ላይ ተጋድሞ ነገሩን ራሱ ፈታው፤ ሲፈታው ደግሞ ቁልጭ ብሎ ታየው። ስምንት ከተማ ሙሉ መድረክ ላይ አልተጋጨም፤ እንግዲህ ሁሉም አብረውት ዝቅ ብለው ተቃኝተዋል ማለት ነው። ለምን? ለዛሬ ነዋ! ዛሬ በትልቁ አዳራሽ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ እነሱ ብድግ ብለው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፤ እሱን እታች ጉድጓዱ ውስጥ ይተውታል። የመጀመሪያዋን ኖታ ሲመታ አዳራሹ ጥርሱን ያፋጫል። ነገ ደግሞ ጺሞ ጺሙን እያሻሸ፣ «ወንድሜ፣ ጆሮህ ደክሟል፣ እረፍ» ይለዋል። ከዚህ የረቀቀ ተንኮል በሕይወቱ አላየም፤ በንዴቱ መሀል ሊያደንቃቸው ምንም አልቀረውም።

ማዞሪያዋን ወደ ቦታዋ መለሰ። ለማንም አልተነፈሰም።

ከሰዓት በኋላ ድምፅ ለመሞከር አዳራሹ ገቡ። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ብቻ ከኋላ ትጠርጋለች። ጆሮ መሀል ላይ ከድምፅ ማሽኑ ጀርባ ቆሟል። ወፍራሙ ቤዙን በተመለሰችው መቃኛ ቃኝቶ ሲያበቃ፣ እታለም ማይክሮፎኑን ያዘች፣ ከበሮ መቺው አራት ቆጠረ።

የወጣው ድምፅ ሙዚቃ አይደለም። ሁለት ጭነት መኪና ቢጋጩ ይሻላል። ጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ ቀና አለች።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!» አለች እታለም እጇን አንስታ። «ምንድነው ይሄ? ሰው ሞተብን እንዴ?»

ጺሞ ፊቱ ተለዋወጠ። «ወፍራሙ» አለ ቀስ ብሎ፣ «መቃኛህን እያት እስቲ።»

ዝቅ አድርጎ ሊያሰጥመው ነው! እስካሁን ሳይመለሱ እዚያው ከታች መሆናቸውን ወፍራሙ ያኔ ልብ ማለት ነበረበት። አላለም፤ ደሙ ፈልቷል።

«አይቻታለሁ! መልሻታለሁም!» ብሎ ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋ፤ ድምፁ አዳራሹን ሞላው። «ትክክሉ የኔ ነው። እናንተ ናችሁ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብላችሁ የተቃኛችሁት፣ ከሦስተኛው ከተማ ጀምሮ! ሰው ፊት ልታዋርዱኝና ልታባርሩኝ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት! አንቺስ እታለም? አንቺም አለሽበት?»

ከበሮ መቺው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጆሮ ከማሽኑ ጀርባ ጎንበስ አለና ቀና ሳይል ቀረ። እታለም ወንድሟን አላየችውም፤ የምታየው ጺሞን ነው።

«ግማሽ ድምፅ?» አለችው።

«እታለም…»

«ሁሉንም ዘፈን?»

ጺሞ ጺሙን ያዘ። «ሁሉንም» አለ።

«ከሦስተኛው ከተማ ጀምሮ።»

ጺሞ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ወፍራሙ የገባው ይሄኔ ነው። ዝቅ የተደረገው ለእሱ ጉድጓድ ሊቆፈር አልነበረም፤ ለእሷ ደረጃው እንዲያጥርላት ነበር። ማሩም፣ የትንፋሽ ልምምዱም፣ ለእናታቸው የተደወለውም ስልክ አንድ ላይ መጥተው ፊቱ ተደቀኑ። አፈረ፤ መድረኩ ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ።

«ለኔ ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ።

«ላንተ?» አለ ጺሞ፣ እሱም ንዴቱ መጥቶ። «አንተ ከእሷ ደብቀህ የምታውቀው ነገር አለ? የልደት ስጦታዋን ገዝተህ ሳትሰጣት ምን እንደሆነ የምትነግራት ሰውዬ!»

እታለም የማይክሮፎኑን መቆሚያ አጥብቃ ያዘች። «ወደ ቦታው መልሱት» አለች። «አሁን።»

«ለዛሬ እንኳን ብንተወው…» ሲል ጀመረ ጺሞ።

«መልሱት አልኩ።»

ጊታሩ ተቃኘ። ከበሮ መቺው አራት ቆጠረ። እታለም ዘፈነች፤ እታች እታቹን በሚያምረው በጎርናና ድምጿ ይዛው መጣች፣ ከፍ ወደሚለው ቦታ ተጠጋች፣ ትንፋሽ ወሰደች፣ ወጣች። ድምጿ ጫፉ ላይ ነክቶ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ተሰነጠቀ። እሷ ግን ዘፈኑን አላቋረጠችም። እስከ መጨረሻው ስንኝ ድረስ ወሰደችውና ማይክሮፎኑን ወደ ቦታው መለሰች።

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተ ንገረኝ። እነዚህማ ሲያታልሉኝ ነው የከረሙት። ድምፄ ደረሰ?»

ወፍራሙ በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ መዋሸት ተመኝቶ አያውቅም። «ደረሰ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ነበረች። ፊቱ ግን ቀድሞት ተናግሯል፤ እሷም አንብባ ጨርሳለች።

«እሺ» አለች። «ዝቅ አድርጉት» ብላ ከመድረኩ ወረደች።

ወፍራሙ ልብስ መለወጫው ክፍል ድረስ ተከተላት። መስታወት ፊት ተቀምጣ ዓይኗን ትኳላለች። በሩ ላይ ቆመ።

«ይቅር በይኝ እታለም። እኔን ሊያባርሩኝ መስሎኝ ነው።»

«አንተን?» ብላ ሳቀች፤ የምሯን ነው የሳቀችው። «አንተን ማን ያባርርሃል? ለእማዬስ ማን ደፍሮ ይነግራታል?»

እሱም ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«እኔ እኮ አንቺንም ጠርጥሬሽ ነበር» አለ፤ ይህንንም መደበቅ አልቻለም።

«አውቄያለሁ። እንቁላሌን አልበላህም።» ኩሉን አስቀመጠችና እጆቿን ጭኖቿ ላይ አሳረፈች። «አልተቆጣሁህም። አንተ ባትነግረኝ አንድ ቀን አንዱ ይነግረኝ ነበር።»

«ነገሩ…»

«ግን ስምንት ከተማ ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር» አለችው።

ሌላ ነገር ትጨምር እንደሆነ ቆሞ ጠበቀ። ኩሉን አነሳችና ሁለተኛውን ዓይኗን ጀመረች።