የእረኛዋ ትከሻ

ታርኲኒዮ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ የነከረውን ብሩሽ ሸራው ላይ ወደተሳለችው እረኛ ፊት አስጠጋና መልሶ አራቀው። አንድ ቁጥቋጦ ቢስልባት ትጠፋለች። ዛፍ በመሳል በሮም ከተማ የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ ሰው ላይ ግን እጁ አይታዘዘውም። ስለዚህ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ መስኩንና ከብቱን እሱ ይስላል፣ ሰዎቹን ደግሞ ዮስ የሚባል የፍላንደርስ ሠዓሊ ይጨምርለታል።

ዛሬ ጠዋት ሸራው ከዮስ ዘንድ ሲመለስ፣ ከባሉጡ ዛፍ ሥር አንገቷን ሰበር አድርጋ የተቀመጠችው እረኛ ቁርጥ ሚስቱን ኤርሲሊያን ሆና አገኛት። ልብሷ ከቀኝ ትከሻዋ ተንሸራቷል፤ የቃጠሎ ጠባሳዋ ሳይቀር ይታያል። ደሙ ፈላ። ብሩሹን ጥሎ ወንዙን ተሻግሮ ዮስ ቤት ገባ።

"ሚስቴን የት አየሃት?"

ዮስ ዳቦውን እያላመጠ ቀና አለ። "በዓይኔ አይቻት አላውቅም።"

"ጠባሳዋንስ?"

"አንተው ነሃ የነገርከኝ። ሁለት ዋንጫ ወይን ካለፈህ ሌላ ወሬ መቼ አለህ? አንገቷ እንዲህ፣ ሳቋ እንዲያ፣ ለሸራ ያፈላኸው ሙጫ ቀኝ ትከሻዋን አቃጠላት... ሰማሁ፣ ሳልኩ።"

ታርኲኒዮ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነገሩ ይብሱን ተምታታበት። ዮስ ዋሽቶ ነው ወይስ እሱ ራሱ ለፍልፎ? ደግሞስ ጠባሳው ቀኝ ነበር? ለማስታወስ ሞከረ፤ አቃተው። አስራ ዘጠኝ ዓመት አብሯት ኖሮ ትከሻዋ ጠፋበት።

"ኤርሲሊያ፣ ጠባሳሽ የቱ ጋ ነው?" አላት ቤት እንደገባ።

"በራስህ ሙጫ አቃጥለኸኝ እኔን ትጠይቃለህ?" ወደ ሥዕሉ ቀረበች። "ይቺ ደግሞ ማናት?"

"አንቺ ነሽ። ዮስ እኔ ካወራሁለት ነው የሳለሽ።"

ልብሷን ከትከሻዋ ዝቅ አደረገች። ጠባሳው ግራ ነው።

ዮስ አላያትም ማለት ነው። ታርኲኒዮ እፎይ አለ፤ ወዲያው ግን አፈረ።

"ለአገር ምድሩ ስታወራ የኖርከው ስለ እሷ ነው፤ ስለ እኔ አይደለም" አለችው ወደ ሥዕሉ እያመለከተች።

በሩ ተንኳኳ። ሥዕሉን ያዘዙት ካርዲናል የላኩት ሎሌ ሊወስደው መጥቷል።

"ላጥፋት?" አለ ታርኲኒዮ ብሩሹን አንስቶ።

"ተዋት። እሷ ምን አጠፋች?"

ሥዕሉን እንዳለ አስረከበ። ለከርሞ ፋሲካ የታዘዘው ሌላ ሸራ ተወጥሮ ይጠብቀዋል። እሱ ግን ወንበሩን ወደ ኤርሲሊያ አዙሮ ተቀመጠ።

"ምን ፈለግህ?"

"ምንም። ላይሽ ነው።"