ያልተቀመሰው ወጥ

ሱልጣና ሾላ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ስትሸጥ ፀጉሯ ከሻሿ ሥር ሸበተ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከሱቋ ደጃፍ ቀና ብላ የእንጦጦን ተራራ «እንዴት ያምራል» ብላ አታውቅም። ተራራ ምኑ ያምራል? ድሮ ሴቶች የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ የሚወርዱበት ዳገት ነበር። አሁን ደግሞ ሙሉ ጤነኛ የሆነ፣ ቤቱ አልጋ ያለው ሰው፣ ገንዘብ ከፍሎ በእግሩ የሚወጣው ሆኗል አሉ። ይህም «የግማሽ ቀን ጉብኝት» ይባላል። ሱልጣና መጀመሪያ ስትሰማው ከልቧ ሳቀች። አስጎብኚው ልጇን ሊያገባ የሚፈልገው ሰው መሆኑን ስትሰማ ግን ሳቋ ቀረ።

ልጇ ጀናን አንድ ናት። ጉርድ ሾላ ካለ መሥሪያ ቤት ትሠራለች፣ እንግሊዝኛውን ታንበለብለዋለች፣ መልኳም ደህና ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ያሲር የሚባል፣ ሥራው ለሰው ጉብታ ማሳየት የሆነ፣ እናት አባቱ ሞተውበት ጎረቤት ያሳደገው ሰው ወደድኩ ብላ መጣች። ያሳደገችው ጎረቤት ማን እንደሆነች ሱልጣና አልጠየቀችም። ጎረቤት ያሳደገው ሰው ይታለፋል እንጂ ዘሩ አይጠየቅም። ለእሷ የታያት አብዱልናስር ነበር፤ እህል በጅምላ የሚያከፋፍል፣ ሁለት አይሱዙ ያለው፣ ወሬ የማያበዛ ሰው። ወሬ የማያበዛው የሚያወራው ስለሌለው ነው ብላ ጀናን ብትነግራትም፣ ለሱልጣና ይህ ጉድለት ሆኖ አልታያትም።

ያሲር እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆረጠ። እናትና ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ተኳረፉ። በመጨረሻ ጀናን እናቷ ፊት ቆማ፣ «ሂጂና በዓይንሽ እዪው» አለቻት። «በሃይማኖታችን ወይም በቤታችን የሚያሳፍር አንድ ነውር ካገኘሽበት፣ ወላሂ እኔው ራሴ እተወዋለሁ። ካጣሽበት ግን እሑድ አፍሽን ሞልተሽ እሺ ትያለሽ።»

ሱልጣና ወዲያው ተስማማች። ነውር ፈልጋ ያጣችበት ሰው እስከ ዛሬ አልገጠማትም። ስልክ ደውላ «ሀውላ እባላለሁ፣ ለቅዳሜው ጉብኝት መዝግበኝ» አለች፣ ክፍያውንም ያኔውኑ በቴሌብር ላከች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፤ ልጁ ሳያውቃት ታየዋለች። በብልጠቷ ደስ ብሏት ያን ቀን ለደንበኞቿ ሁሉ ምርቃት ጨመረችላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሷ ሾላ አጠገብ ቆማ ስትጠብቃት፣ አንድ ቀጭን፣ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ባርኔጣ ያደረገ ልጅ ወርዶ «ደህና አደሩ እማማ ሀውላ» ብሎ ጋቢናውን ከፈተላት። ሱልጣና ገና ከመቀመጧ ሽቁጥቁጥ ብላ ፈረጀችው። ከኋላ ሸምገል ያሉ ፈረንጅ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሁለቱም ለዘመቻ እንደሚሄድ ሰው በያይነቱ ኪስ ያለው ልብስ ለብሰዋል። ከእነሱ ኋላ ጆኒና ሃኒ የሚባሉ እጮኛሞች ተቀምጠዋል፤ አንገታቸው ላይ አንድ ዓይነት መስቀል አድርገው፣ ስልካቸውን ወደ ራሳቸው አዙረው ያወራሉ። ለማን እንደሚያወሩ ሱልጣና አልገባትም።

መኪናዋ የካን አቋርጣ፣ በአሮጌዎቹ ቤቶች መሐል እየተጠማዘዘች ወጥታ አስፋልቱ ሲያልቅ አቆመች። ከዚያ በእግር ነው። ያሲር ከመንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዝቶ ለሁሉም አደለ፤ የራሱን ግን ከኪሱ የወረቀት ጥቅል አውጥቶ ነጭ እስኪሆን ጨው ነሰነሰበት። ጨው እንደሚልስ በግ ነው፣ አለች ሱልጣና በልቧ። ይህንንም ያዘችበት፤ ለብቻው ነውር ባይሆንም ከሌላው ጋር ሲደመር ይረዳል።

መጀመሪያ የቆሙበት ቦታ ከተማው ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ነው ተባለ። የታየው ቆርቆሮ ነበር። ቆርቆሮ፣ ያላለቀ ፎቅ፣ ጭስ። ፈረንጆቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ተነፈሱ፤ ሃኒ በአንድ እግሯ ቆማ ፎቶ ተነሣች። ሱልጣና ሾላን ከላይ ሆና ፈልጋ አጣችው፤ ዕድሜዋን የጨረሰችበት ገበያ ያን ያህል ትንሽ መሆኑ አናደዳት።

ከዚያ በኋላ ልጁ መዋሸት ጀመረ። አንዱን ባሕር ዛፍ መታ መታ አድርጎ ዕድሜው ሦስት መቶ ዓመት ነው አላቸው፤ ጆኒም ለሱልጣና በአማርኛ አቀበላት። ባሕር ዛፍ አገር ውስጥ የገባው በምኒልክ ዘመን መሆኑን ማገዶ ሻጭ ሁሉ ያውቃል። ፈረንጁ ሰውዬ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው «ደርሰናል፣ ያቺን መታጠፊያ ብቻ» እያለ በእጁ ያሳየዋል፤ ከመታጠፊያዋ በኋላ ሌላ መታጠፊያ ይመጣል። የሃኒ ነጭ ጫማ ጭቃ ነክቶት ልታለቅስ ስትደርስ፣ የዚህ ተራራ ጭቃ ሲደርቅ በራሱ ይረግፋል፣ የሰፈሩ ሙሽሮች ለገድ ብለው ጫማቸውን ያስነኩታል አላት። ልጅቷም ሌላኛውን ጫማ ሆን ብላ አስነካች። ሱልጣና ሳቋን ለመደበቅ አፏን በሻሿ ሸፈነች። ይህች ደግሞ ልትዳር ነው፣ አለች።

ውሸታምነቱ ግልጽ ሆነ፤ ችግሩ ግን ይህን ነውር ብላ ለጀናን ልትወስድላት አትችልም። እናቷ ካቻምና የገባውን በርበሬ «ትናንት ነው የተፈጨው፣ ልጄን ይንሳኝ» እያለች ስትሸጥ እያየች ነው ጀናን ያደገችው። የሾላ ነጋዴ በውሸት ሰው ከሰሰ ቢባል ገበያው በሳቅ ይሞታል። ሱልጣና ከዚህ የከበደ ነገር ያስፈልጋት ነበር፤ ያም ነገር ለምሳ ጠበቃት።

ምሳው የተዘጋጀው አቀበቱ ላይ፣ ከድንች ማሳ ጥግ ባለች አንዲት የጭቃ ቤት ነበር። ባለቤቷ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ የሚባሉ፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ፣ ማተባቸው ከላብ ብዛት የጠቆረ አሮጊት ናቸው። ያሲርን አገላብጠው ሳሙት። ሱልጣናን ግን ጎንበስ ብለው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ትልቅ እንግዳ ተቀበሏት። ሱልጣና ንቅሳቱን ስታይ ልቧ ሞቅ አለ። የክርስቲያን ቤት ነው፤ እንግዲህ ሥጋ ይምጣ ብቻ።

ሥጋውም መጣ። ሴትየዋ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ከታሰረበት ድስት የበግ ወጥ እየጨለፉ ለፈረንጆቹ፣ ለያሲርና ለሱልጣና አቀረቡ። ጆኒንና ሃኒን ያሲር ራሱ ለብቻ ወደ ቀረበ መሶብ ጠርቶ ሽሮ ላይ አስቀመጣቸው። ሱልጣና ይህንንም ልብ አለች፤ ለፈረንጅ ሥጋ፣ ለአገሬው ሽሮ። እንዲህ ያለ አስተናጋጅ ነው ልጄን የሚጠይቀው፣ አለች።

ፈረንጆቹ አንድ ጊዜ ጎርሰው ሁለት ጊዜ ውሃ ይጠጣሉ። በርበሬ አልቻሉም፣ ብላ ናቀቻቸው። ያሲር «ቢስሚላህ» ብሎ፣ እንጀራውን ቆርሶ፣ ከሥጋው ጠቅልሎ ጎረሰ። ሱልጣና ጉሮሮው ሲወርድ ሲወጣ አየች። ማን አረደው ብላ መጠየቅ ትችል ነበር፤ ግን ልትጠይቅ አልመጣችም። እጇንም ወደ ማዕዱ አልዘረጋችም። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ከፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ እነሆ አንዲት ጉርሻ ሳይቀምሱ፣ «ኧረ ይብሉ እንጂ» ይላሉ። በእሷ ቤት ባለቤት ቀምሶ ነው የሚያቀርበው። ይህች ሴት ግን ስትጨልፍ እንኳ ከጭልፋው ጠብታ መዳፏ ላይ አድርጋ አልላሰችም።

ሱልጣና ተነሣች። የሳምንቱ ንቀት ሁሉ አንድ ላይ መጣባት።

«ስሜ ሀውላ አይደለም» አለች። «የጀናን እናት ነኝ። የመጣሁበትን አግኝቻለሁ። ክርስቲያን ያረደውን እየበላህ እኔ ቤት ሽማግሌ አትልክም። እርስዎም ሴትዮ፣ የራስዎ አፍ ያልነካውን ለሰው ማቅረብ የት የተማሩት ነው? ምን ቢጨምሩበት ነው የማይቀምሱት?»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ጆኒ ስልኩን ቀስ ብሎ አወረደ። ፈረንጆቹ ነገሩ ስላልገባቸው መብላታቸውን ቀጠሉ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ በርጩማቸው ላይ እንዳሉ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፣ ፊታቸው ግን ዐመድ መሰለ።

ያሲር የጎረሰውን ዋጠ። ሲናገር ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ስምዎን ከተመዘገቡ ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ» አላት። «ገንዘቡን ሲልኩ ቴሌብር ከነአባትዎ ስም ነው የነገረኝ። ሌላ ጊዜ እዚህ ለእንግዳ የሚቀርበው ሽሮ ነው። ይህን በግ ለእርስዎ ብዬ ገዛሁት። ያረደው ሙአዊያ ነው፣ ከታች መስጊዱ አጠገብ ያለው፤ ጠዋት በሶላት ሰዓት ወጥቶ ባርኮ አረደልን። እማዬ የማትቀምሰውም፣ እነጆኒም ሽሮ የቀረበላቸው ለዚህ ነው።»

ሱልጣና እንደ ቆመች ቀረች። ይህን ሾላ ያለ ሕፃን ይገምተዋል። እሷ ራሷ ስንት የክርስቲያን ሠርግ ላይ ለሙስሊም ለብቻ ከታረደው ድስት በልታለች፤ ስንት ጊዜ የክርስቲያን ጎረቤቶቿ በኢድ ቤቷ መጥተው ሥጋውን ትተው ዳቦና ለስላሳ ይዘው ተጫውተዋል። ሴትየዋ ያልበሉት መድኃኒት ስለጨመሩበት ሳይሆን ማተባቸው ስለማይፈቅድላቸው ነው። ሁሉም ነገር ዓይኗ ሥር ነበር። የምትፈልገው ነውር ብቻ ስለነበረ ሌላውን አላየችም። አፈረች፤ እንዲህ ያፈረችበትን ቀን አታስታውስም።

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ቀስ ብለው ነገሯት። የያሲር እናት የግድግዳ ጎረቤታቸው ነበረች፤ ጭራሮ አብረው ተሸክመዋል። አባቱ ሹፌር ነበር፣ መንገድ ላይ ቀረ። እናቱ ታማ ስትሞት «በሃይማኖቱ አሳድጊልኝ» ብላ እጃቸውን ያዘች። እሳቸውም ቀይ ጨርቅ ያሰሩበትን ይህን ድስት ገዝተው፣ ከራሳቸው ዕቃ ለይተው ሰቀሉት። ቁርዓን ወደሚቀራበት ቦታ እየወሰዱ አደረሱት፤ በበዓል በዓሉ ሙስሊም ጠርተው አሳረዱለት። ጎረቤት ያሳደገው የተባለው እንግዲህ ይህ ነው።

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የሱልጣናን የቀሚስ ጫፍ ያዙ።

«እህቴ፣ አልተቀየምኩሽም» አሉ። «እናት ነሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ ድስት ሳልቀምስ ነው የምሠራለት፤ ጨዉን የምለካው በእጄ ነው። ልኩ ነው ወይ ስለው ሁልጊዜ ልክ ነው ይለኛል። እሱ ደግሞ ጠባዩን አይተሽዋል፣ ለሰው ደስ የሚለውን ነው የሚናገረው። አንቺ የሙያው ሰው ነሽ አሉኝ። እስኪ ቅመሺልኝና እውነቱን ንገሪኝ።»

ያሲር ወደ መሬት አቀረቀረ። ሱልጣና ተቀመጠች፣ እጇን ታጠበች፣ «ቢስሚላህ» ብላ ጎረሰች።

ጨው ነበር። በርበሬው የት እንደገባ፣ ሥጋው የበግ ይሁን የምን እንዳይለይ አድርጎ ጨው ነበር። ምላሷ ተቃጠለ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የፈረንጆቹ ውሃ ገባት፤ በቆሎው ላይ የተነሰነሰውም ገባት። ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይህን እየበላ፣ አንድም ቀን ሳይናገር፣ አፉ ሌላ ጣዕም እስኪረሳ ድረስ ልክ ነው እያለ አድጓል። ሱልጣና በሕይወቷ የሌላ ሴት ወጥ አመስግና አታውቅም፤ ሾላ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አሮጊቷ የአፏን እንቅስቃሴ በፍርሃት ይከታተላሉ።

«ልክ ነው» አለች። «ልጄን ይንሳኝ፣ ልክ ነው።»

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ዓይናቸውን ጨፍነው «ተመስገን» አሉ። ሱልጣና ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቀለለች፣ ከመጉረሷ በፊት ግን ቀና አለች።

«እሑድ ከሽማግሌዎቹ ጋር እርስዎም ይመጣሉ» አለቻቸው። «በእርስዎ ወገን የሚያርድ ሰው እጠራለሁ፣ አዲስ ድስት እገዛለሁ። እኔም ሳልቀምስ እሠራለሁ።»

ፈረንጇ ሴትዮ የሱልጣናን እንባ አይታ ምን እንደሆነች ያሲርን ጠየቀችው። እሱም ወደ ድስቱ እያሳየ፣ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ ወጡ ከመጣፈጡ የተነሣ እንደሆነ አስረዳት። ሱልጣና እንግሊዝኛ አትችልም፤ ውሸቱን መሆኑ ግን ገባት፣ ውሃውንም ወደ ራሷ አስጠግታ መብላቷን ቀጠለች።