የቁልፍ ጣሳው

ልብስ ሰፊው ያለችው አንዲት ልጅ ናት። በሕፃንነቷ የሸሚዝ ቁልፍ ውጣ ቤቱን ቀውጢ ካደረገችበት ቀን ጀምሮ «ቁልፌ» ይላታል፤ ሰፈሩም እሱን ተከትሎ ቁልፌ ብሏት ቀረ።

የስፌት መኪናው ካለበት ክፍል ወደ ጓሮ የሚያወጣ በር አለ። ጓሮው ውስጥ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና አንድ የተጣመመ የሎሚ ዛፍ ይገኛሉ። ቁልፌ ጠዋት ጠዋት አባቷ ትርፍራፊ ቁልፍ የሚያጠራቅምበትን ጣሳ ይዛ ትወጣና ትነቀንቀዋለች። ያን ጊዜ እንግዶቿ ይመጣሉ። ወፎቹ ከሎሚው ላይ ዱብ ዱብ ይላሉ። ኤሊው ሁሌም ግብዣው ካለቀ በኋላ፣ ያረፈደው እሱ እንዳልሆነ ሁሉ ኮራ ብሎ ይደርሳል። ቁልፌ ነፍሷን የምትሰጥላት ግን አንገቷ ስር የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ነጭ ምልክት ያለባት ግራጫ ጥንቸል ናት። ሰሞኑን ደግሞ ትንሽ ልጇን ማስከተል ጀምራለች።

ጥንቸሏ ሰው አታምንም ነበር። እሷን ለማላመድ ቁልፌ ስንት ጠዋት ጤዛ ላይ ተንበርክካ ጠብቃለች። ከእጇ ቅጠል የበላችላት ቀን ደስታዋን አልቻለችውም፤ ሮጣ አባቷን እየጎተተች አመጣችው።

«አባዬ፣ ጣሳውን ቀስ አድርገህ ነቅንቀው። እንደሱ አይደለም፣ ትደነግጣለች። እንዲህ።»

አባት ተንበርክኮ ነቀነቀ። ጥንቸሏ መጣች፤ ከሱም እጅ በላች።

«ፀጉሯ ሲያምር» አለ አባት፣ ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው ጀርባዋን በሁለት ጣቱ እያሻሸ። ቁልፌ በኩራት ልትፈነዳ ምንም አልቀራት።

ብርዱ ሲገባ ቁልፌ ማሳል ጀመረች። አንድ ማለዳ አልጋዋ ውስጥ እንዳለች የጣሳው ድምፅ ከጓሮ ተሰማት። የሚነቀንቀው ቀስ ብሎ፣ ልክ እሷ እንዳስተማረችው ነበር። አባዬ እኔን ተክቶ እያበላልኝ ነው ብላ ደስ አላት፤ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ተመልሳ ተኛች።

ከዚያ ወዲህ ጥንቸሏ ቀረች። ጣሳው ሲነቀነቅ ወፎቹ መጡ፣ ኤሊውም መጣ። ትንሹም ብቻውን መጣ፤ ቅጠሉን በልቶ ወደ አጥሩ ዞር ዞር እያለ ቆየ።

«አባዬ፣ እናቱስ?»

«ሌላ ጓሮ አግኝታ ይሆናላ» አለ አባት ከመኪናው ቀና ሳይል።

ሳምንቱ ሳያልቅ አዲስ ካፖርት ተሰፍቶላት ጠበቃት። ቀይ ነው፤ ኮሌታው ግራጫ ፀጉር። አባት አለበሳትና ወደ መስታወቱ አዞራት። ከአገጯ ስር ነጭ ምልክት ነበር።

«ምልክቷን ሆን ብዬ ነው ከፊት ያመጣኋት። ቁልፍ አትመስልም?» አለ። «ሳልሽ ውስጤን በላው። ለአንቺ ስል ምን የማላደርገው አለ?» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እንደሚወዳት ጥርጥር የለውም፤ ክፋቱም ይኸው ነው።

«እንዴት ያዝካት?»

«ምን መያዝ አለው፤ ራሷ እጄ ላይ መጣች እንጂ። ያሳየሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ? ያ ትንሹ ደግሞ ትንሽ ይወፍር፣ ጓንት ይወጣዋል።»

በማግስቱ ቁልፌ ካፖርቷን ለብሳ ጓሮ ወጣች። ጣሳውን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች። ትንሹ ከአጥሩ ስር ሹልክ ብሎ ወጣ። ስትንበረከክለት በኋላ እግሮቹ ቆሞ ኮሌታውን አሸተተ፣ ደጋግሞ አሸተተ። ከዚያ ደረቷ ላይ ልጥፍ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ቁልፌ ገፍትራ ጣለችውና ድንጋይ አነሳች። የመጀመሪያው ሳተው። ትንሹ ጥቂት ሸሸ፤ ጣሳውን ስትነቀንቀው ግን ጆሮውን አቁሞ ተመለሰ። የለመደው ይህንን ነዋ። ነቀነቀች፤ ወረወረች። አሁንም ነቀነቀች፤ አሁንም ወረወረች። አንዱ ድንጋይ እግሩን አገኘው። እንደ ሕፃን ጮኸ፤ እያነከሰም አጥሩ ስር ገባ።

ጣሳውን ጆሮ እስኪያደነቁር ነቀነቀችው። አልመጣም። ቀስ አድርጋ፣ በሚወደው ዓይነት ነቀነቀችው። አጥሩ ስር ቅጠል እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«ጎበዝ» አለችው ቁልፌ፣ እንባዋ ኮሌታው ላይ እየወረደ።