የመጀመሪያው ጥይት

ተዋናዩ ድምፅ ማጉያውን ወርውሮ ሽጉጡን መዘዘ። "ወይ ትወጣለህ ወይ እገባብሃለሁ!" ሲል ከመስኮቱ ተኩስ ተሰማ።

ጡረተኛው ሃምሳ አለቃ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ተዋናዩ በፊልሙ ውስጥ እሳቸውን መሆኑ ነው። የዛሬ አስራ ዘጠኝ ዓመት አንድ መካኒክ ጠመንጃ ታጥቆ፣ ልጁን ይዞ ቤቱን ዘግቶ አልወጣም ሲል፣ ሁለት ቀን ሙሉ ከውጭ ሆነው የለመኑት እሳቸው ነበሩ። ሰውየው ግን ተገድሎ ወጣ።

"እኔ ሽጉጥ አልመዘዝኩም፤ 'ውሃ ላምጣልህ ወይ?' ነው ያልኩት" አሉ።

ዳይሬክተሯ ፈገግ አለች። "ጋሼ፣ በውሃ ተመልካች አይያዝም። መጀመሪያ የተኮሰው እሱ መሆኑን ግን አልነካንም፤ እርስዎ እንደነገሩን ነው።"

"እሱስ ልክ…" ብለው ሳይጨርሱ፣ "አይደለም" የሚል የሴት ድምፅ ከኋላቸው መጣ።

የመካኒኩ ልጅ ናት፤ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ዛሬ ልብስ ሰፊ። የአባቷን ዓይነት ቱታ እሱን ለሚሆነው ተዋናይ እንድትሰፋ ጠርተዋት፣ መርፌዋ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ነው።

"አባቴ ጠመንጃውን አልጋው ላይ ጥሎት ነበር። እጁን ይዤው ነበር። ጥይቱ የገባው ከውጭ ነው።"

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ሃምሳ አለቃውን ይበልጥ ግራ ያጋባቸው እሱ ነው።

"እርግጠኛ ነሽ ልጄ?"

"እርስዎስ?"

ዐይናቸውን ጨፈኑ። ያን መስኮት ሲፈልጉ የመጣላቸው አሁን ፊታቸው ያለው፣ ለፊልሙ ከጣውላ የተሠራው፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀው መስኮት ነው። ለአለቆቻቸው የተናገሩት፣ ለልጆቻቸው እንደ ጸሎት እየደጋገሙ ያወሩት፣ ዛሬ ያዩት፣ ሁሉም ተደበላለቀባቸው። የጠራላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የድምፅ ማጉያው ባትሪ አልቆ፣ አጎንብሰው ክዳኑን ለመክፈት እየታገሉ ነበር። ተኩሱን ሰሙ። ቀና ሲሉ ሁሉም ይተኩሳል። "ከውስጥ ነው" ያላቸው አለቃቸው ነበር። ወይስ ለአለቃቸው ያሉት እሳቸው ናቸው?

"ጋሼ፣ ፀሐይዋ እየሄደችብን ነው" አለች ዳይሬክተሯ፣ ወረቀት እየዘረጋች። "'በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ' የምንለው እርስዎን ተማምነን ነው። ይፈርሙልኝና እንቀጥል።"

"እሷ ሌላ ትላለች እኮ።"

"እሷ ሕፃን ነበረች።"

"እኔ ደግሞ አጎንብሼ ነበር።"

እስክሪብቶውን ተቀብለው ከፊርማው ቦታ በላይ ቀስ ብለው ጻፉ፦ ተኩሱን ሰምቻለሁ፤ ማን እንደተኮሰ አላየሁም።

ዳይሬክተሯ አነበበችው። "በዚህ ምን ልሠራ ነው?"

"እኔም አላውቅም።"

ልብስ ሰፊዋ በዳይሬክተሯ ትከሻ በኩል አንገቷን አስግጋ አየችው። አላመሰገነችም። "ለኔም አንድ ይጻፉልኝ" አለች።

ሃምሳ አለቃው ሌላ ወረቀት ለመኑ። በዚህኛው ላይ ያንኑ ጽፈው ሙሉ ስማቸውን፣ ቀኑንና የያኔውን የፖሊስ መለያ ቁጥራቸውን ጨመሩበት።